አንዲት «ል»

ነይ ሒክሚ፣ ነይ ከፊቴ ተቀመጪ። ሰሌኑን ወደ በሩ ሳቢው፤ ሲሚንቶው ይፋጃል። ሻሽሽን አውልቂው፣ ወንድ የለም። የዚህ ክፍል ሴቶች ዓሣ ሊገዙ የመኖቹ ጋ ሄደዋል። አሁን እኔና አንቺ ብቻ ነን… ከመጋረጃው ወዲያ ደግሞ ጓደኛችን ተኝታለች። እንዳንቀሰቅሳት ቀስ ብለን እናውራ። ያቺን ማበጠሪያ አቀብይኝ። ውይ ፀጉርሽ! ማሻ አላህ! እንዲህ ያለ ፀጉር ይዘሽ ነው ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠቅልለሽው የከረምሽው? ጊዜ አላገኘሁም ልትዪኝ ነው፤ አውቃለሁ። ዛሬስ እስከ ስንት ሰዓት ፈቀዱልሽ? ዘጠኝ? አይ… ይህ ሁሉ ፀጉር ለዘጠኝ ሰዓት አያልቅም። ግን እንሞክር፤ መሞከር ምን ገዶን።

ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? አገር ቤት ሐምሌ ሲባል ጭቃና ጃንጥላ ነው። እዚህ ጅቡቲ ሐምሌ ሲባል ሰው በገዛ ጥላው ሥር መቀመጥ ያምረዋል። ባቡሩ ደግሞ ሥራ ሊጀምር ነው አሉ፤ ናጋድ ያለውን ጣቢያ አየሽው? አዲስ አበባ ድረስ በኤሌክትሪክ! እኛ ሰፈር አንድ የነፋስ ማራገቢያ ቬንቲሌተር ለማዞር መብራቱ ስንት ጊዜ ይለመናል፣ እዚያ ባቡር ሊጎትት ነው። ይሁን፤ ለሁሉም እንደ ዕድሉ ነው። ወንዶቹን አታዪም? ደስታቸው በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ በመኪና ተጭኖ፣ ጡሩንባ እየነፋ ይመጣላቸዋል። ለጫት የሚሮጥ መኪና ለአምቡላንስ መንገድ አይለቅም። የኛ ደስታ ግን በሳምንት አንዴ፣ በእግሩ ነው የሚመጣው።

አንድ ነገር ላስቅሽ። ሐሙስ ዕለት ሽንኩርት እየከተፍኩ እህቴ ከኮምቦልቻ መልእክት ላከችልኝ። ከፈትኩት። «እግዜር ያቅልልሽ» ይላል። ቢላዋዬን አስቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያቅልልሽ? ምን በደልኳት? ቀላል ያድርግሽ፣ ሰው ፊት መናቂያ ያድርግሽ ማለት እኮ ነው! ሽንኩርቱ ይሁን እህቴ እንጃ፣ እንባዬ ፈሰሰ። ደወልኩላት። «ኧረ አዱዬ፣ ሥራሽን ያቅልልልሽ ልል ነው!» አለችና በሳቅ ሞተች። አንዲት «ል» ነች ያጎደለችው። አየሽ አማርኛን? ሸክምሽን በማቅለልና አንቺን በማቅለል መካከል ያለው አንዲት ፊደል ብቻ ነው።

ዘንበል በይ… እንደሱ።

ስለ ማቅለል ካነሳን አይቀር፣ አንዲት የማውቃቸው ሴት አሉ። አንቺ አታውቂያቸውም። በዕድሜ እንኳ ከኔ ያንሳሉ፤ ግን «እሷ» ብዬ አላቀልላቸውም፣ «እሳቸው» ልበል። ስማቸውንም አልጠራም። ለምን እጠራለሁ? አርብ ነው። እኔ ሆዳን ሰፈር ተቀጥሬ ባለሁበት ቤት በሳምንት ስድስት ቀን ስሜ ይጠራል። አዳነች ውኃ! አዳነች በር! አዳነች ልጁ አለቀሰ፣ አዳነች ልጁ ለምን ዝም አለ! ስድስተኛው ቀን ላይ እኔ ብቻ ሳልሆን ስሜም ይደክመዋል። አርብ ግን እዚህች ክፍል መጥቼ ሰሌኔ ላይ ጋደም ስል የሚጠራኝ የለም። አንዳንዴ ነቅቼ እንኳ ዓይኔን አልገልጥም፤ የማንም ድምፅ አለመምጣቱን እያዳመጥኩ እተኛለሁ። በረዶ የገባበት ውኃ፣ የመኖቹ ዓሣ፣ የሰው ፀጉር መሥራት፣ ስሜ ሳይጠራ መዋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጅቡቲ ኖሬ ያፈራሁት ሀብት ይኸው አርብ ነው። ስለዚህ የሰው አርብ አልነካም። የሴትዮዋም ስም ዛሬ ይረፍ።

እና እኒህ ሴት ፍልስፍና አላቸው። ዝም ብለሽ የምትሰሚው ተራ ነገር አይደለም፣ ከመዳማቸው የተወረሰ ነው። መዳማቸው ፈረንሳይ ነች፤ ደግ ሴት ነች፣ አልዋሽም። አምና «ቀላል ኑሮ» የሚል መጽሐፍ አንብባ ነው አሉ እንዲህ የሆነችው። ሶፋዋን አውጥታ ሰሌን አነጠፈች። ምግብ ማብሰል ትታ ስንዴ በውኃ ዘፍዝፋ ትበላለች። ቤት ውስጥ በባዶ እግሯ ትሄዳለች፣ «አፈሩን ልስማው» ብላ፤ ሴራሚክ ላይ! እኛ ሰሌንና ንፍሮ ሸሽተን በረሃ አቋርጠን እዚህ ደረስን። እሷ ደግሞ በአውሮፕላን መጥታ ጥለነው በመጣነው ሰሌን ላይ ቁጭ አለች። መንገድ ላይ ሳንተያይ ተላለፍን እንጂ እንኳን ደህና መጣሽ፣ ቦታውን አሙቀንልሻል እንላት ነበር።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ሰው ኑሮውን ሲያቀል ዕቃው የት ይሄዳል? ከአንድ ቤት የወጣ ዕቃ አንድ ቤት መግባቱ ይቀራል? መዳማቸው በቀለለች ቁጥር እሳቸው ይከብዳሉ። ስድስት ጥንድ ጫማ፤ አንዱም ለእግራቸው አይሆንም። ብርቱካን መጭመቂያ፤ ሽቦው የተቆረጠ። ካፖርት… የሱፍ ካፖርት፣ ሒክሚ! በጅቡቲ! አርቆ አሳቢ ሰው እንዲህ ነው፤ በረዶ ቢጥልስ? ሰባት ሴት በምትጋራው ክፍል ውስጥ ምስማር መትተው ሰቅለውታል። አርብ አርብ ሥሩ ቁጭ ብለው «ሰው ከዕቃ ነፃ መውጣት አለበት» እያሉ ሴቶቹን ያስተምራሉ።

ቀና አትበይ፣ ጉንጉኑ ይፈታብኛል። አዎ፣ እዚህም ግድግዳ ላይ ካፖርት አለ። እና ካፖርት ሁሉ የአንድ ሰው ነው እንዴ?

በገበታ ላይስ ብታያቸው! እንዲህ ያለ ቁጥብ ሰው የለም። ዓሣው ሲቀርብ «እኔ ትንሽ ነገር ይበቃኛል፣ ጭንቅላቷን ብቻ ስጡኝ» ይላሉ። ዓሣ ግማቱ ካናቱ ይባላል አይደል? የእሳቸው ዓሣ ግን ጥፍጥናውም ካናቱ ይጀምራል። ካናቱ ተነስተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቀስ እያሉ፣ እያጣጣሙ… ለራሳቸውም ሳይታወቃቸው ጅራቱ ጋ ይደርሳሉ። «ደስታው ቀስ ብሎ መብላቱ ላይ ነው» ይሉናል። እውነታቸውን ነው። እኛም ቀስ ብለን እናያቸዋለን።

በረዶውም ላይ እንደዚያው ነው። ተዋጥተን የገዛነውን በረዶ ጆጉ ውስጥ ከትተን ገና ተራ ሳንይዝ፣ «ውኃን እንደ ስጦታ መጠጣት ያስፈልጋል» ብለው ያነሡታል። ሲጠጡ ብታዪ ያምራል። ጉሮሯቸው ሲወጣ ሲወርድ፣ ጆጉ ላይ ላቡ ጠብ ጠብ ሲል… ጸሎት ነው የሚመስለው። ጸሎት ደግሞ አይቋረጥም። ሲያበቁ ለኛ ጆጉን ይሰጡናል፤ ጆጉ ቀዝቃዛ ነው፣ ግንባራችን ላይ እናደርገዋለን። ትንሽ ነገር ውስጥ ትልቅ ደስታ አለ ብለው የለ?

ይህን ሁሉ ስነግርሽ የማማቸው እንዳይመስልሽ። እኔ ዓሣ ተበላብኝ ብዬ የምቀየም ሴት አይደለሁም። የበላ ይብላ። ሰው ለራሱ ቢቀል ማን ይከለክለዋል? የእሳቸው ደግነት ግን ለራሳቸው ብቻ አይደለም። ቀላል ኑሮን ለሰውም ይመኛሉ። በተለይ ለሰው።

አንዲት ልጅ ነበረች… ከድሬዳዋ የመጣች። ስሟን ረሳሁት። ፀጉሯ እንዳንቺ ወፍራም ነው። ያኔ ከ«ቦንዡር» እና ከ«መርሲ» ሌላ ፈረንሳይኛ አታውቅም። እሳቸው የመዳማቸው ጓደኛ ቤት ሥራ አገኙላት። ውለታ ነው፤ ውለታውን ማን ይክዳል? እጇን ይዘው ወሰዷት፣ አስተረጎሙላት። የዚያ ቤት ዘበኛ ከሊፋ የሚባል አፋር ነው፤ ፈረንሳይኛ ልቅም አድርጎ ያውቃል። በረንዳው ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰማ። ባለፈው ቡላኦስ ገበያ ሳገኘው ከአማርኛም፣ ከሶማሊኛም፣ ከእጁም አድርጎ ነገረኝ።

አሠሪዋ ጠየቀች አሉ። «ልጅቷ የት ብትተኛ ይመቻታል? ክሊም ያለበት፣ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋበት ትንሽ ክፍል አለን።» እሳቸው ወደ ልጅቷ ዞር እንኳ አላሉም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው… «ኤል ኤ ሳምፕል፣ መዳም።» ቀላል ነች ማለታቸው ነው። «ክሊም አልለመደችም፣ ያማታል። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሰሌን ቢነጠፍላት ይበቃታል።» የዕረፍት ቀኗስ ስትል ደግሞ፣ «አርብ ለስግደት ወጣ ብላ ዘጠኝ ሰዓት ትመለሳለች። ለእሷ ሥራው ራሱ ዕረፍቷ ነው።» ሰማሽ? ሥራው ራሱ ዕረፍቷ ነው! እንዲህ ያለ አባባል አንቺ ታውቂያለሽ? እኔ አላውቅም፤ እኔ አልተማርኩም።

ልጅቷ ምን አደረገች መሰለሽ? አጠገባቸው ቆማ ፈገግ ትል ነበር አለኝ ከሊፋ። «ሳምፕል» ሲሏት እየመረቋት መስሏት አንገቷን ዝቅ አድርጋ «መርሲ» አለች። መርሲ! አርቧ ሲሸጥ አመሰገነች። እውነቴን ነው የምልሽ ሒክሚ፣ ይህን ሲነግረኝ ገበያ መሐል ቲማቲም እንደያዝኩ አለቀስኩ። ሻጯ ዋጋው በዝቶባት ነው ብላ ቀነሰችልኝ።

ቆይ፣ ራስሽን ቀጥ አድርጊልኝ። አታልቅሺ እንጂ፤ ስለ ሌላ ልጅ ነው የማወራሽ።

ከሊፋ ደግሞ ሌላ ነገር ነገረኝ። ይህ «ሳምፕል» የሚባለው ቃል በነሱ አፍ ሁለት ነው አሉ ፍችው። አንዱ ኮተት የማያበዛ ሰው ነው። ሌላው… እዚህ ጋ ትንሽ የቀለለው፣ ጭንቅላቱ ላይ። አሠሪዋ የትኛውን እንደሰማች እንግዲህ እሷ ታውቃለች። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይላሉ አባቶቻችን። ባለቤቱስ እሺ፣ የገዛ አሞሌው ነው። ባለቤቱ ሳያውቅ መንገድ መሪው ያቀለለውን አሞሌ ግን ምን ይሉታል? ጨው በሐይቅ ሙሉ በተሰጣበት አገር ተቀምጠን ይህን የሚመልስልኝ ሰው አጣሁ።

አሠሪዋ ግን፣ እላለሁ፣ ክፉ ሴት አይደለችም። የነገሯትን ነው የሰማችው። «እንግዲያው ቢያንስ ይህን ይዛ ትግባ» ብላ ከልጆቿ ክፍል ቬንቲሌተር አውጥታ ሰጠች። ለማን? ለልጅቷ። ማን ተቀበለ? እንግዲህ የሚያስተረጉም ሰው አይደል የሚቀበለው! ያን ዕለት ሲወጡ «ነፋስ አትወድም፣ እኔ ላንሳላችሁ» ብለው ይዘውት ወጡ። ታክሲ ላይ የጫነላቸው ራሱ ከሊፋ ነው። ነጭ ነው አለኝ፤ ረጅም እግር ያለው፣ ሲዞር ሲዞር ግራው ላይ ሲደርስ «ቂው» የሚል።

…

ምን ሰማሽ? እኔ ምንም አልሰማሁም። ኤጭ፣ ያ ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ሌላ ነው። ቂው የሚል ቬንቲሌተር ጅቡቲ ውስጥ አንድ ብቻ ነው እንዴ? የጓደኛችን ነው፤ መዳሟ ኑሮዋን ስታቀል የሰጠቻት ነው። ወደኛ እንዳይዞርብን እኮ ነው መጋረጃ የጋረደችበት፤ ነፋስ ያማችኋል ብላ አዝናልን። ወዲህ የሚደርሰን ድምፁ ብቻ ነው። እኛም ድምፁን እናጣጥማለን። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ የሰው ነፋስ ግን… ያቀዘቅዛል፣ ምን ይደረግ!

እስኪ በመጋረጃው ሥር እግሯን እዪው። ቅድም ተዘርግቶ ነበር፤ አሁን ተሰበሰበ። በርዷት ይሆናል። ካፖርቱን ላልብሳት ይሆን? ተይው፣ እንዳትነቃ። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይላሉ። እኔ ደግሞ ካልቀሰቀሱት አጥርቶ ይሰማል እላለሁ።

ስልክሽን እይልኝ። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ? አላልኩሽም? ቀኙን ጨርሻለሁ፣ ግራው እንዳለ ነው። መጀመሪያ ጊዜ ወደዚህ አገር ስመጣ እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ስምንት ወር ሙሉ አርብ የሚባል ቀን እንዳለ የሚነግረኝ አልነበረም። አንዲት የሐረር ሴት ናት የነገረችኝ፤ አፈሩን ገለባ ያድርግላት። «ቀኑ ያንቺ ነው፤ አፍ አውጥተሽ ጠይቂ» አለችኝ። ጠየቅኩ። እንዴት እንደፈራሁ! መጥረጊያውን እንደ ምርኩዝ ጨብጬ ነበር የቆምኩት። ግን ሰጡኝ። ያን ቀን እዚህ ሰፈር መጥቼ ምን እንደማደርግበት ጠፍቶኝ ግድግዳ ተደግፌ ዋልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በይ፣ ሻሽሽን ጠቅልይና እንዲሁ ሂጂ። ቤት ስትገቢ ለመዳምሽ ገልጠሽ አሳያት፤ ግማሹ የተሠራ፣ ግማሹ የተንጨባረረ። ምንድነው ትልሻለች። ግማሽ አርብ የሚያሠራው ግማሽ ራስ ነው በያት። ፈረንሳይኛውን? እኔ አስተምርሻለሁ። ያለኝ የኩሽና ፈረንሳይኛ ነው፤ ግን ከአንዳንድ ሰው ፈረንሳይኛ ይሻላል፣ የሚጎዳው ሽንኩርት ብቻ ነው። «ዠ ስዊ ፓ ሳምፕል።» እስኪ በይው። … እንደገና። … ጠንከር አድርጊው፤ «ፓ»ዋን አትዋጫት፣ ነገሩ ያለው እሷ ላይ ነው። «ቀላል አይደለሁም» ማለት ነው። በኛም በነሱም አፍ ያው ነው። ከዚያ «ቫንድረዲ፣ ቱት ላ ዡርኔ።» አርብ፣ ቀኑን ሙሉ። ስትናገሪ እጅሽን ደረትሽ ላይ አታድርጊ። ዓይንሽንም እንዳትጨፍኚ። ዓይን ዓይኗን እያየሽ ነው። አሁን የሚያስተረጉም ሰው አያስፈልግሽም፤ እሳቸውም… ማለቴ እኒያ ሴትዮም ከድካም ይድናሉ።

ተነሺ እንግዲህ። ስትወጪ መጋረጃውን ገለጥ አድርጊና ያን ሶኬት ንቀይው። አይዞሽ፣ አትነቃም፤ ነቅታ ምን ልትል? ነገሩ ሌላ ቬንቲሌተር ነው ብዬሻለሁ፤ ይሁን፣ ቂው የሚል ሁሉ ዘመድ ነው። ተሸክመሽው ሂጂ። ሌብነት? ምን ማለትሽ ነው! ቀላል ኑሮ ነው እንጂ። ሰው ከዕቃ ነፃ መውጣት አለበት ተብለን ተምረን የለ? ታክሲው ላይ ጫኚው፤ በር ላይ ከሊፋ አለ፣ የጫነውን ራሱ ያወርድልሻል። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ስትገቢ ወደ ሰሌንሽ አዙሪው። ግራው ላይ ሲደርስ ሲጮህ እኔን አስቢኝ።

… እሰይ። መጋረጃው ቆመ። እንዴት ጸጥ አለ በማርያም! አሁን ሁላችንም እኩል ሞቀን።

ቆይ ቆይ፣ ሳንመርቅማ አትሄጂም። ያች ልጅ እኮ የእኒያ ሴት ውለታ አለባት፤ እሷ የለችም፣ እኛ እንመርቅላት። ቬንቲሌተሩን አስቀምጪና እጅሽን ዘርጊ። እኔ በእግዜር እላለሁ፣ አንቺ በአላህ ተቀበዪኝ፤ የሚሰማው አንድ ነው። ጮክ እንበል፣ ምርቃት አይደበቅም። ሥራቸውን ያቅልልላቸው። ሸክማቸውን ያቅልልላቸው፤ ሳጥናቸውን፣ ጫማቸውን፣ ካፖርታቸውን፣ ሁሉን ያቅልልላቸው። የዚህን ሐምሌ ሙቀት ያቅልልላቸው። በሄዱበት ሁሉ፣ በመዳሞቹም ፊት፣ በእኛም በእህቶቻቸው መካከል፣ እንደ ምኞታቸው፣ ለሰው እንደተመኙት ሁሉ… እግዜር ራሳቸውን ያቅልላቸው።

የለም ሒክሚ፣ የጎደለ ፊደል የለም፤ ቆጥሬዋለሁ። አሜን በይ።